የመዋኛ ገንዳ ማሞቂያ የጋራ ዕቅድ፦ የጎንደር አባላት ውይይት

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ላይ «እያንዳንዱ ግቢ ሂት ፓምፕ ያስገባ» የሚለው አንቀጽ ጥያቄ በዝቶበታል፤ ሂት ፓምፕ ከአየሩ ሙቀት ስቦ ወደ ውሃው የሚያስተላልፍ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ስሌቱ ይቅደም። ለመነሻ 8 በ4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.4 ሜትር የሆነ ገንዳ እንያዝ።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ፦ 45 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ነው፤ 1 ዲግሪ ለማሞቅ 52 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ገንዘብ የሚበላው ግን የሞቀውን ማቆየቱ ነው። ከ2,100 ሜትር በላይ ነን፤ በጋው ደረቅ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ጥር ላይ ጥምቀተ ባሕሩ ውስጥ የዘለለ ያውቀዋል። በቀን 4 ሚሊሜትር ቢተን 128 ሊትር ይሆናል። አንዱ ሊትር ሲተን 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ በጠቅላላው 87። ገንዳው በቀን 1.7 ዲግሪ ያህል ይወርዳል ማለት ነው። በተራ ማሞቂያ ይህን ለመተካት በወር 2,600 ኪሎዋት ሰዓት፣ በአንድ አሃድ ኤሌክትሪክ አራት አሃድ ሙቀት በሚሰጥ ሂት ፓምፕም 650 ይጠይቃል።

ገንዘብ ያዥ፦ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የመጨረሻው እርከን በወር ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ሂት ፓምፑ ብቻውን ቤቱን እዚያ ያደርሰዋል። «በሌሊት ስለሚረክስ ሌሊት አሙቁ» የሚለው የውጭ አገር ምክር ለእኛ አይሆንም፤ የቤት ታሪፋችን የሚለየው በወር ፍጆታ እንጂ በሰዓት አይደለም። ይልቅ አየሩ ሲሞቅ ማለትም ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ቢሠራ ያነሰ ይበላል።

የቧንቧ ባለሙያ፦ እንግዲያው መጀመሪያ ሽፋን። ባለአረፋ ፕላስቲክ፣ አረፋው ወደ ውሃው ዞሮ። ማንም በማይዋኝበት ሰዓት ሁሉ ከተሸፈነ ትነቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ 650 የነበረው ከ325 በታች ይሆናል። ክሎሪን በብዛት በተጨመረ ዕለት ግን ሽፋኑ አይመለስ፤ አረፋውን ይበላዋል።

ሁለተኛው የገንዳው ውሃ በውስጡ እያለፈ በፀሐይ የሚሞቅበት የጣሪያ ፓኔል ነው፦ መስታወት የሌለው ጥቁር ፕላስቲክ፣ 24 ካሬ ሜትር፣ ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያዘነበለ። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር በቀን 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ፀሐይ ቢያገኝና ግማሹን ቢይዝ በቀን 72 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ፍሰቱ በሰዓት 6,000 ሊትር ይሁን። የሚመለሰው ውሃ ትኩስ ካልሆነ ብሎ ቫልቭ የሚያጠብ ሰው አይጠፋም፤ ፓኔሉ በጋለ ቁጥር ሙቀቱን ለነፋስ ይሰጣል። በሚወጣውና በሚመለሰው ውሃ መካከል የ2 ዲግሪ ልዩነት በቂ ነው።

ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቼክ ቫልቭ ካልገባ ሌሊት የገንዳው ሙቅ ውሃ ወደ ጣሪያ ወጥቶ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ጣሪያው ላይ የአየር ማስገቢያ ቫልቭ ይኑር፤ አለዚያ ፓምፑ ሲቆም ፓኔሉ ወደ ውስጥ ይጨመደዳል። ክሎሪን የሚጨመረው ከፓኔሉ መመለሻ በኋላ ነው።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ፦ ፓምፑን አትርሱ። 0.75 ኪሎዋቱ በቀን 6 ሰዓት ቢሮጥ በወር 135 ነው። አንዱ ጣሪያው ላይ ሌላው ገንዳው ላይ የሆነ ሁለት የሙቀት ሴንሰር ያለው መቆጣጠሪያ ይግባ፤ የሁለቱ ልዩነት 5 ዲግሪ ሲደርስ ያስነሣ፣ 2 ሲሆን ያቁም። ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት ሰፈር ደግሞ ቮልቴጁ ሲዛባ ኃይሉን የሚቆርጥ መከላከያ ሪሌይ ግዴታ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ ክረምትስ?

የቧንቧ ባለሙያ፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው ከባድ ነው። በፀሐይ ብቻ የሚሞቅ ገንዳ ሙቀቱን አይጠብቅም፤ ማሞቂያ በግድ ማስሮጥ ኪሳራ ነው። ሽፋኑ ይቀጥል፣ የማሞቂያ በጀት አይያዝ።

ሰብሳቢ፦ አንቀጹ እንዲህ ይታረም፦ «ሽፋን በጋራ ይገዛል። ፓኔል የሚተከለው የጣሪያው ጥንካሬ ከታየ በኋላ ነው። የሂት ፓምፕ ጉዳይ የአንድ በጋ የቆጣሪ ንባብ ቀርቦ ይወሰናል።» ተቃውሞ ያለው እስከ ስብሰባው ይጻፍ። ለሽፋኑ የምትልኩት ልኬት የግድግዳው ጠርዝ ሳይሆን የውሃው ፊት ይሁን፤ ማዕዘኑ ክብ የሆነበት ገንዳ ያለው ፎቶም ያያይዝ።