ከደሴ የመጣው የ15 ዓመት ልጄ ከክፍሉ አይወጣም፤ ላይብረሪ ብልከው ይሻለው ይሆን?

የሰኞ ገበያዋ፣ ቶሮንቶ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ልጄ ከመጣ 8 ወር ሆነው። ከ4 ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው እናቴ ናት፣ እዚያው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር። ወረቀቱ እስኪያልቅ ያየሁትን ያየ ያውቀዋል። አሁን አብረን ነን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ግን ልጁ ዝም አለ። ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ በሩን ይዘጋል፣ ስልኩ ላይ ያፈጣል። እኔ የማታ ፈረቃ ስለሆንኩ እሱ ሲገባ እኔ እየወጣሁ ነው። ደሴ እያለ መጽሐፍ ከእጁ አይጠፋም ነበር። መብራት ሲጠፋ በሻማ ያነብ ነበር ትለኛለች እናቴ።

ከቤታችን ሁለት ፌርማታ አልፎ ላይብረሪ አለ። ሂድ ስለው «ምን ልሠራ? ፈተና የለብኝ» አለኝ። አልፈረድኩበትም። እኛ የምናውቀው ላይብረሪ መታወቂያ አስይዘህ የምትገባበት፣ መጽሐፉን እዚያው አንብበህ የምትመልስበት፣ ትንፍሽ የማይባልበት የማትሪክ ማጥኛ ነው።

እስቲ ንገሩኝ። ለዚህ ዕድሜ ልጅ ምን አለ? እንግሊዝኛው ገና ነው ብለው ከሕፃናት ጋር ያስቀምጡታል ወይ? መጽሐፍ ቢጠፋበት ምን ያስከፍሉኛል? ትምህርት ቤቱ ደግሞ 40 ሰዓት በነጻ ማገልገል አለበት ብሎኛል፣ የት ሄዶ ነው የሚያገለግለው? ቅዳሜም ሥራ ነኝ፣ ብቻውን እዚያ ቢውል ምን ይመስላችኋል?

የሆጤ ልጅ፣ ቶሮንቶ

እህቴ፣ እንኳን ለዓይነ ሥጋ አበቃችሁ። ሦስት ልጆቼን ያሳደገልኝ ላይብረሪ ነው ብል ማጋነን አይደለም፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ፍርሃትሽን ላንሳልሽ። ካርዱ ለከተማው ነዋሪ ነጻ ነው። ቶሮንቶ ላይብረሪ መጽሐፍ ስላዘገየህ ብሎ መቅጣት በፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ ትቷል። ጨርሶ ከጠፋ ወይ ከተበላሸ ነው ዋጋውን የሚጠይቁት። አደራሽን «እንዳትጥል፣ እንዳታበላሽ» እያልሽ አታሸማቅቂው። የኛ ልጆች መጽሐፍ መዋስ የሚተዉት በእኛ በወላጆቻቸው ፍርሃት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሕፃናት ጋር አያስቀምጡትም። የታዳጊዎች መደርደሪያ ለብቻው ነው። አንዳንድ ቅርንጫፎች ውስጥ ደግሞ ዩዝ ሃብ የሚሉት ክፍል አለ። ከ13 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች ብቻ ነው፣ ከትምህርት በኋላ እንዲሁ መግባት ነው። የቤት ሥራ የሚያግዝ ሰው አለ፣ መክሰስ አለ፣ ጌም አለ። እዚያ ማውራት ይቻላል፣ መሳቅ ይቻላል። ይህን በደንብ ንገሪው፣ ምክንያቱም እሱ የሚያውቀው ዝም የሚባልበትን ላይብረሪ ነው፣ ዝምታ ደግሞ ቤትም ጠግቦታል። የከተማው ላይብረሪ 100 ቅርንጫፍ አለው፣ ዩዝ ሃብ ግን በሁሉም ስለሌለ የናንተኛው እንዳለው ጠይቂ።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ፣ ለሦስት ዓመት ሕፃን የተጻፈ መጽሐፍ እንዳትሰጪው። ይዋረዳል። ታሪኩ የ15 ዓመት ልጅ የሚመጥን፣ ቋንቋው ግን ቀለል ያለ ተብሎ የሚጻፍ መጽሐፍ አለ፣ ሠራተኞቹን ብትጠይቂ ያወጡልሻል። በሥዕል የሚነገሩት ኮሚክና ማንጋም ንባብ ናቸው፣ አትናቂያቸው። የኔ ትልቁ በማንጋ ነው እንግሊዝኛው የተፈታለት። በድምፅ የተቀዳውን እየሰማ ጽሑፉን በዓይኑ ቢከተል ደግሞ ጆሮውም ይከፈታል። 10ኛ ክፍል ላይ ለዲፕሎማ የሚጠየቅ የማንበብና የመጻፍ ፈተና አለ፣ ከወዲሁ ቢለምድ ጥሩ ነው።

40ው ሰዓት የመላው ኦንታሪዮ ሕግ ነው፣ ልጅሽን ብቻ ለይተው አይደለም። ላይብረሪው የወጣቶች አማካሪ ቡድን አለው። ልጆቹ ተሰብስበው ምን ዝግጅት ይደረግ፣ ምን መጽሐፍ ይምጣ ብለው ይመክራሉ፣ የተሰበሰቡበት ሰዓት ይቆጠርላቸዋል። ላይብረሪው ከ12 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች የጻፉትንና የሣሉትን የሚያወጣበት ያንግ ቮይስስ የሚባል መጽሔትም አለው። በሻማ ያነበበ ልጅ የሚጽፈው አያጣም።

የቦርከና ልጅ፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ መምህር ነኝ፣ ያለሁትም እዚሁ ነው። የሆጤ ልጅ የጻፈውን አንብቤ ልቤ ተነካ፣ ቀናሁም። ክረምት ሲመጣ የኔ ተማሪዎች የት እንደሚውሉ ታውቃላችሁ፣ ወይ ፑል ቤት ወይ ጫት ቤት ደጃፍ። ቁጭ ብለው የሚያነቡበት ቢያገኙ የሚያነቡ ልጆች ናቸው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ እንኳን ልብ ወለድ፣ የክፍሉን መጽሐፍ ለብዙ ልጅ ስልክ ላይ በፒዲኤፍ ነው የምናስነብበው። ስልክ የሌለው ደግሞ ከጓደኛው ትከሻ ላይ። እዚያ ልጆቻችሁ አንብበው የጨረሱትን ሰብስባችሁ ብትልኩልን ትልቅ ነገር ነው።

ሳላይሽ፣ ሲያትል

እዚህም ለታዳጊዎች የቤት ሥራ ዕርዳታ በነጻ የሚሰጥባቸው ቅርንጫፎች አሉ፣ የአማርኛ መደርደሪያም አለ። ስለ ቶሮንቶው የሆጤ ልጅ በቂ ብሏል።

የቦርከና ልጅ ግን ይቅርታ፣ ስለ መላኩ አልስማማም። አንድ ጊዜ ተሰባስበን ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ ልከን ነበር። የማጓጓዣው ዋጋ ከመጽሐፉ በለጠ። ስንጠይቅ ቁልፍ ተቆልፎበት ተቀምጧል። ስለ በረዶ መንሸራተትና ስለ ሃሎዊን የሚያወራ መጽሐፍ ለኮምቦልቻ ልጅ ምኑ ነው? በዚያው ብር አዲስ አበባ የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ግዙበት፣ ልጁ የራሱን አገር፣ የራሱን ሰው ያንብብ።

የቦርከና ልጅ፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ያልከው ደርሶብን ያውቃል። ነገር ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በጦርነቱ የተዘጋ ትምህርት ቤት ነበር፣ ሌላም ብዙ ምክንያት አለው፣ የቋንቋው ነገር ግን ዕለት ተዕለት ክፍል ውስጥ የማየው ነው። አማርኛ ብቻ ስትሉ የኔን ልጆች ትጎዱብኛላችሁ። ሁለቱም ያስፈልጋል።

የጦሳ ሥር፣ ሪያድ

እትዬ የሰኞ ገበያዋ፣ አንቺ ሰኞ ገበያ ስትዪ እኔ እንባዬ መጣ። ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ፣ ብርዱ፣ የእማማ ቡና። እዚህ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ቤተ መጻሕፍት ቀርቶ በወር አንዴ በር ብወጣ ነው። የወንድሜ ልጅ ደሴ ነው፣ እሱም 15 ዓመቱ። ስልክ ላኪልኝ ብሎ አሥሬ ይደውላል። የሁለት ወር ደሞዜ ነው። የክፍሉ መጽሐፍ ስልክ ላይ ነው ሲለኝ ውሸቱን ይመስለኝ ነበር፣ አሁን መምህሩ ሲናገሩ ደነገጥኩ። ተቆጥቼው ነበር እኮ።

ለልጅሽ ግን እኔ የምለው አማርኛውን ለጊዜው ይተወው። ዕድሉን አግኝቷል፣ እንግሊዝኛውን ይያዝ።

የሆጤ ልጅ፣ ቶሮንቶ

እህቴ፣ ሥቃይሽ ይገባኛል፣ አላህ ያቅልልሽ። ምክርሽን ግን አልቀበልም። እኔ በመጀመሪያ ልጄ ላይ ያጠፋሁት ይህንኑ ነው። አማርኛ ተው ብዬ እንግሊዝኛውን ብቻ አስያዝኩት። ዛሬ ከአያቱ ጋር በስልክ «ደህና ናችሁ» ብሎ ስልኩን ለኔ ይሰጠኛል፣ ከዚያ በላይ የሚላት የለውም። ያ ልጅ አማርኛ አጣርቶ የሚያነብ ከሆነ ማንበብ ያውቃል ማለት ነው። የቀረው ቃሉን መልመድ ነው።

ሳላይሽ፣ ሲያትል

እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። እዚያ ላለው ልጅ ሲሆን ለምን ይለወጣል?

የቦርከና ልጅ፣ ኮምቦልቻ

አልተለወጠም፣ ሁለቱም ነው ያልኩት። የአማርኛውን መግዣ ብር ከላካችሁ በደረሰኝ አስረክባለሁ፣ ቁልፉም በተማሪዎቹ እጅ ይሆናል።

የሰኞ ገበያዋ፣ ቶሮንቶ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። የጦሳ ሥር፣ እህቴ፣ በውስጥ ጽፌልሻለሁ፣ ስለ ስልኩ እንነጋገር።

ማታ ለልጄ የተጻፈውን አነበብኩለት። ማንጋውን ሲሰማ ቀና አለ። ከዚያ «መጽሐፎቼን እማማ ጋ ነው የተውኳቸው» አለኝ። ወደዚህ ሲመጣ ሻንጣው በበርበሬና በሽሮ ሞልቶ ስለነበር አራት መጽሐፍ ከውስጥ አውጥተው አስቀርተውበታል። 8 ወር ሙሉ አልነገረኝም። አሁን ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ፣ እናቴ በፌስታል አድርጋ ታደርሳለች።

የቅዳሜውን ግን ማንም አልመለሰልኝም። ዩዝ ሃቡ ቅዳሜም ይከፈታል ወይስ በሥራ ቀን ብቻ ነው? እኔ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሥራ እገባለሁ።