አንድ ስም፣ ሁለት ሰው፦ በምን ልለያቸው?

የታሪክ ሰዎችን የስም ማውጫ እያዘጋጀሁ ነው። ፍራንሲስ ቤከን ላይ ስደርስ እንግሊዛዊው ፈላስፋ (እ.ኤ.አ. 1561–1626) እና ሠዓሊው (1909–1992) በአንድ መስመር ተደባልቀው አገኘኋቸው። የአንዱን ሥራ ለሌላው መስጠት ትልቅ በደል ነውና ከስሙ ቀጥሎ ሙያ ጨመርኩ፤ ለቤከኖቹ ሠራ። ዮሐን ሽትራውስ አባትና ልጅ ግን ሁለቱም የቪየና የሙዚቃ ደራሲዎች፣ ሁለቱም በዋልዝ (የጥንድ ዳንስ ሙዚቃ) የታወቁ ናቸው። «አባት»፣ «ልጅ» ብዬ ለየኋቸው። ከዚያ ሮማውያኑ ፕሊኒዎች መጡ፦ አጎትና የእህት ልጅ! ታላቁ በ79 እ.ኤ.አ. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ሞተ፤ ታናሹ ያንን በደብዳቤ ተረከው። የልደት ዓመት እንዳልጠቀም፣ የብዙ ጥንታውያን በትክክል አይታወቅም። ከስሙ ቀጥሎ ገብቶ ሁሉንም የሚለይ አንድ ወጥ መለያ ምን ቢሆን ይሻላል?