ሁለተኛው የአየር ፓምፕም ተቃጠለብኝ፤ ኮዱ ያው ፒ0411 ነው

ማለዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ባለ ቱርቦ፣ የቤንዚን ናት። ዓምና ቼክ ኢንጂን በራብኝና ስካን ሲደረግ ፒ0411 ወጣ፤ ፓምፑ ወደ ጭስ ማውጫው የሚነፋው አየር በልኩ አይደለም የሚል ኮድ ነው። ያየልኝ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙም ሳይቆይ «የአየር ፓምፑ ነክሷል» (ተጣብቆ አልዞር ብሏል) አለና ያገለገለ ፓምፕ ገጠመልኝ። 8 ወር ሠራ። ጠዋት ሳስነሳት ለአንድ ደቂቃ ያህል እንደ ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ይጮኻል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። መጀመሪያ ሲያስደነግጠኝ ነበር፣ ኋላ ለመድኩት። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ድምፁ ጠፋ፣ መብራቱም ተመልሶ በራ።

የሚገርመው ጉልበቷ እንዳለ ነው፣ ነዳጅም አልጨመረችም። ሦስተኛ ፓምፕ ከመግዛቴ በፊት ልጠይቅ ብዬ ነው። ቴስተር አለኝ፣ ፊውዝና ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሪያ) መንቀል እችላለሁ። እጄ ቢቆሽሽ ግድ የለኝም፤ የማላውቀውን ፈትቶ መግጠም ማቃት ነው የሚያስፈራኝ።

ቆርቆሮ፦
እህቴ፣ አትድከሚ። ቱቦውን ነቅለሽ መግቢያውን በቆርቆሮ ድፈኚው። የኔ 3 ዓመት ሆነው፣ እስካሁን ምንም አልሆነም። መብራቱን ደግሞ ዓይን ይለምደዋል።

አሮጌ ካቻቢቴ፦
ልጄ፣ የቆርቆሮውን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ጥያቄሽን ልቀይርብሽ፦ ፓምፑን ማን ገደለው?

ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚን በዛ ተደርጎ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ያልተቃጠለው በጭሱ ይወጣል። ካታሊስቱ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ማጽጃ) ሊያጸዳው አይችልም፤ ሥራ የሚጀምረው ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው። ፓምፑ በዚያች ደቂቃ ንጹሕ አየር ከኤግዞስት ቫልቮቹ ጀርባ ይነፋል፤ የተረፈው ቤንዚን እዚያው ይቃጠልና ካታሊስቱን ቶሎ ያሞቀዋል። ከዚያ ሥራው አለቀ። ጉልበት ያልቀነሰብሽም ለዚህ ነው።

አሁን ዋናው። በፓምፑና በጭስ ማውጫው መሀል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ። ፓምፑ ሲቆም እሱ መዘጋት አለበት። በጥላሸት ተይዞ ካልተዘጋ ጭሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል። ጭስ ደግሞ ውሃ ነው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት ይወጣል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ፓምፕ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ኩሽኔቱን ያዝገዋል፣ አንድ ቀን ሞተሩ መዞር ያቅተዋል፣ ፊውዙም ይሄዳል። አዲስ ፓምፕ በዚያው ቫልቭ ላይ ከገጠምሽ የሱም ዕጣ ያው ነው። የመጀመሪያው መካኒክሽ ሬሳውን አነሳ እንጂ ገዳዩን አልፈለገም።

ነገ ሞተሩ ሌሊቱን በደንብ ቀዝቅዞ ሳለ እንዲህ አድርጊ። የፓምፑን ፊውዝ እዪ፤ ትልቁ፣ ብዙ ጊዜ 40 ወይም 50 አምፔር የሚለው ነው። ከተቃጠለ በልኩ ቀይሪ፣ ከፍ ያለ እንዳታስገቢ፣ ሽቦው ነው የሚነድደው። ሞተሩን አስነሺ። ወዲያው ዳግም ከተቃጠለ ፓምፑ ነክሷል ወይም መስመሩ ማሳ (ኔጌቲቭ የሆነውን የመኪናውን አካል) ነክቷል። ፊውዙ ደኅና ሆኖ ድምፅ ከሌለ ግን ፓምፑን አትውቀሺ፣ ሪሌውን ቁጥሩ አንድ ዓይነት ከሆነ ሌላ ሪሌ ጋር አለዋውጠሽ ሞክሪ።

ከዚያ ወፍራሙን ቱቦ ከቫልቩ ላይ ንቀዪና ውስጡን በጣትሽ ጥረጊው። ጣትሽ ጥቁር ከሆነ ቫልቩ ያሳልፋል፤ ከዚያ ቱቦ ማለፍ ያለበት ንጹሕ አየር ብቻ ነው። ፓምፑ በማይሠራበት ሰዓት ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጪ እየሠራ) አቁመሽ እጅሽን ከቫልቩ አፍ ራቅ አድርገሽ ያዢ። የሚመታ ትኩስ ትንፋሽ ከተሰማሽ መልሱን አገኘሽ።

ለቆርቆሮ፦ ወንድሜ፣ ፓምፑ አንድ ሳምንት ባይሠራ መኪናው አይሞትም፣ እሱን አልክድም። ግን ያ መብራት በርቶ ከቀረ ነገ ሌላ ብልሽት ሲመጣ በምን ታውቃለህ? የጭስ ምርመራ ባለበትም አያልፍም። የኔ ጋ ከሚመጡት ስንቱ ነው ለወራት የበራ መብራት ይዞ መጥቶ «ድንገት ቆመችብኝ» የሚለው።

ሽቦ ፈታይ፦
እኔ ኤሌክትሪሺያን ነኝ፣ አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር። የፓምፑ ሶኬት ላይ ቴስተር 12 ቮልት አሳየ ብለሽ መስመሩ ደኅና ነው አትበዪ። ሽቦው ተበልቶ አንድ ክር ብቻ ቢቀረው እንኳ ቴስተር 12 ያነባል። የፊት መብራት አምፖል፣ 55 ዋት የሆነውን፣ ከሶኬቱ ሁለት እግሮች ጋር አገናኚውና በቀዝቃዛ ሞተር አስነሺ። ደምቆ ከበራ መስመሩ ጭነት ይሸከማል። ከደበዘዘ ወይ ማሳው ዝጓል ወይ የሪሌው ከንፈር ተቃጥሏል። የነከሰ ፓምፕ ሪሌውን ይዞት ነው የሚሄደው፤ ፓምፕ ሲቀየር ሪሌ አብሮ ቢቀየር ጥሩ ነው።

ማለዳ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ፊውዙ ተቃጥሎ ነበር። በልኩ ቀየርኩ፣ አስነሳሁ፣ «ጥቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ወጥቼ ሳየው እሱም ሄዷል። ወፍራሙን ቱቦ ስነቅል ከፓምፑ በኩል ዝገት የመሰለ ውሃ እጄ ላይ ፈሰሰ፣ የቡና ስኒ ግማሽ ይሆናል። ጣቴ ከሰል ያፈሰ መሰለ።

ትንፋሹንም ሞከርኩ። ቱፍ ቱፍ ይላል፣ ይሸታልም። ቫልቩ ላይ የተሰካች አንዲት ቀጭን ቱቦ ደግሞ ነካ ሳደርጋት እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰበረች። እሷን የሰበርኳት እኔ ነኝ ወይስ ድሮም ተሰንጥቃ ነበር?

ሽቦ ፈታይ፣ አምፖሉ ፊውዝ ከቀየርኩ በኋላ በራ፣ ግን ቀላ ያለ ነው።

አሮጌ ካቻቢቴ፦
አንቺ አልሰበርሽውም፣ ሙቀቱ ነው ያደረቀው። ያቺ ቀጭን ቱቦ የቫኪዩም (አየር የሚሳብባት) ናት፤ ያንቺ ቫልቭ የሚከፈተው በሷ ነው። ሌላ መኪና ላይ በኤሌክትሪክ ይከፈታል፣ በአየሩ ግፊት ብቻ የሚከፈትም አለ። ቱቦዋ ከተሰነጠቀች ፓምፑ አዲስ ቢሆንም ቫልቩ አይከፈትለትም፣ ኮዱም ያው ፒ0411 ነው። ስለዚህ ቫልቭ፣ ከሥሩ ያለው ጋስኬት፣ ቀጭኗ ቱቦ፣ ፓምፕ፣ ሪሌ። ሰው ያለቅሳል እዚህ ጋ፣ ግን በየ8 ወሩ ፓምፕ ከመግዛት ይሻላል። የቫልቩን ብሎኖች ስትፈቺ ዝገት ማላቀቂያ ነፍተሽ አሳድሪያቸው፤ በጉልበት ከሄድሽ ይቆረጣሉ፣ ያኔ ነው ዕዳው።

ማለዳ፦
አንዱ ብሎን ግን እምቢ ብሎኝ ሁለት ሌሊት አደረ።

ሁሉንም ቀየርኩ። ዛሬ ጠዋት አምፖሉን በአዲሱ ሪሌ ሞክሬው ነበር፣ ነጭ ሆኖ በራ። ከዚያ ፓምፑን ሰካሁ። ያ የምንጣፍ መጥረጊያ ድምፅ መጣ፣ 70 ሰከንድ ቆጠርኩ፣ ቆመ። ቱቦውን ከቫልቩ ነቅዬ እጄን ሳቀርብ ምንም ትንፋሽ የለም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የድሮውን ፓምፕ ከፍቼ ባጸዳው ለመጠባበቂያ ይሆናል?

አሮጌ ካቻቢቴ፦
ክፈቺው፣ ለማየት ያህል ጥሩ ነው። ዝገቱን ጠርገሽ ኩሽኔቱን ከቀየርሽው ይዞራል፣ እኔም ብዙ አስዙሬያለሁ። ካርቦኑ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው) ካለቀና የሚዞርበት መዳብ ከተበላ ግን ጣይው። የተጸዳ ፓምፕ ለመሻገሪያ እንጂ ለመኖሪያ አይሆንም።

ኮዱን አጥፊና ሁለት ሦስት ጠዋት ከቀዝቃዛ አስነሺያት። ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ የሚፈትነው ቀዝቃዛ ስትነሳ ነው፤ ቀን ላይ ሞቃ ሳለች አስነስተሽ «ድምፅ የለም» ብለሽ እንዳትደነግጪ። ስካነር የሚያውስሽ ካለ ፓምፑ ሲነፋ የኦክስጅን ሴንሰሩን እዪ፤ ከ0 እስከ 1 ቮልት የሚያነበው ዓይነት ከሆነ ወደ 0.1 ወርዶ ይቆያል። አየሩ እየደረሰ ነው ማለት ነው።

ማለዳ፦
ዛሬ ሦስተኛው ጠዋት ነው። መብራቱ አልበራም። የድሮውን ፓምፕ ከፈትኩት፤ ውስጡ ቀይ ጭቃ ነው፣ ካርቦኑ አንደኛው ጨርሶ የለም። ጣልኩት።

ቆርቆሮ፦
እኔም የኔን ነቅዬ ጣቴን ላስገባ እንዴ?

ሽቦ ፈታይ፦
ቆርቆሮውን መጀመሪያ ንቀለው።