ለአሮጌ ስፖርት መኪና ፍሬን፦ ከዲስኩ በፊት ዘይቱ

ጀርመን ለሚገኙት ጠያቂ ወንድማችን፣ ከጅማ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እ.ኤ.አ. በ1990 የተሠራች ማዝዳ ኤምኤክስ-5ዎን ኑርቡርግሪንግ በተባለው የመኪና መወዳደሪያ መንገድ ላይ ለመንዳት ትልልቅ ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን የፍሬን ብረት) እና ካሊፐር (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ዕቃ) ሊገዙ እንዳሰቡ አነበብኩ። እዚያው ጀርመን ጋራዥ ውስጥ የሠራሁ መካኒክ ስለሆንኩ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ይህን እንዲያዩልኝ እለምናለሁ።

የግቤን ቁልቁለት ያውቁታል። የጫነ መኪና በከባድ ማርሽ መውረድ ሲገባው ፍሬን እየረገጠ ብቻ ከወረደ ሸራው ይግላል፣ ሽታው ከሩቅ ይሰማል፣ በመጨረሻም ፍሬኑ እምቢ ይላል። እርስዎ በሚሄዱበት 20.8 ኪሎ ሜትር ዙር ላይም ጠላቱ ይኸው ሙቀት ነው፤ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ለመቆም በ80 ከሚሄደው አራት እጥፍ ሙቀት ያመነጫልና።

ስለዚህ ከዘይቱ ይጀምሩ። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ነገር ግን ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ውኃ ከገባበት በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መጠን 155 ብቻ ነው። ዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180 ነው። ሲሊኮን የሆነውን ዶት 5 ግን ፈጽሞ አይቀላቅሉ። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ለስልሶ ወለል ይነካል፤ ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናዋ አልቆም ካለች ግን ጥፋቱ የሸራው ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ከየትኛውም ውድ ዕቃ ይበልጣል።

ቀጥሎ የፊት ሸራዎቹን አውልቀው ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። የውስጠኛው ከውጭኛው በግልጽ ከሳሳ፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ተጣብቋል ማለት ነው፤ እሱን ሳያጸዱና ቅባት ሳይቀቡ ሌላ ዕቃ መግጠም ከንቱ ነው። የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸውን ያረጁ የላስቲክ ቱቦዎችንም ይለውጡ። ሸራ ሲመርጡ የንጹህ ውድድር የሆነውን ይተዉ፣ ሳይሞቅ በደንብ አይዝም፤ እርስዎ ደግሞ በዚያው መኪና ወደ ቤት ይመለሳሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በመጣው ባለ 1.8 ሊትር ሞዴል ላይ ያለው የፊት ዲስክ 255 ሚሊሜትር ነው፤ የእርስዎ 235 ነው። ሚዛኑ እንዳይዛባ የኋላውንም አብረው ይቀይሩ። እዚያ አገር ያለ ወረቀት የተገጠመ የፍሬን ዕቃ የመንገድ ፈቃድ ስለሚያሳጣ፣ ከመግጠምዎ በፊት የመኪና ቴክኒክ መርማሪዎችን ይጠይቁ።

የመጨረሻውን ዙር ቀስ ብለው በመንዳት ፍሬኑን ያብርዱት፤ ሲያቆሙም በጋለ ዲስክ ላይ የእጅ ፍሬን አይሳቡ፣ በማርሽ ይያዟት።