የባልካን ሊግ ለትንሽ ክለብ ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ የባልካን ዓለም አቀፍ የቅርጫት ኳስ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር የቡልጋሪያና የሮማኒያ ክለቦች ገብተውበታል። የሀገራቸው ሊግ እያለ ድንበር መሻገሩ ትርፍ ወጪ አይሆንም?

መልስ፦ ኧረ ወዳጄ፣ ያንኑ ቡድን በየዓመቱ እየገጠሙ ማደግ የለም! የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች የሚፎካከሩበት ዩሮሊግ ደግሞ ለትንሽ ክለብ አይታሰብም። ጎረቤት ሀገር ግን በአውቶቡስም ይደረሳል። የመጀመሪያውን ዋንጫ ማን ወሰደ? የቡልጋሪያው ክለብ ሪልስኪ ስፖርቲስት፤ ሪላ ተራራ ሥር ካለችው ከሳሞኮቭ ከተማ። ዋና ከተማዋ ሶፊያ እንኳ አይደለችም! እኔን ልቤን የወሰደው እሱ ነው።

ሌላ መልስ፦ እኔ የኤቢኤን፣ ማለትም የሌላውን የአካባቢው የጋራ የቅርጫት ኳስ ውድድር፣ ሁለተኛ ሊግ እመርጣለሁ። በ2017 የተጀመረው ለቀድሞ ዩጎዝላቪያ ክለቦች ነው፤ ሻምፒዮኑ ወደ አንደኛው ሊግ የማደግ ዕድል አለው። ዋንጫ ብቻውን ስፖንሰር አይጠራም።

ጠያቂው፦ ማደጉስ ገባኝ፤ የአንደኛውን ሊግ ወጪ ግን ማን ይችላል?