ፓልሚቴት ያገኛቸው ደሴቶች ለግሉኮስ አይመልሱም፤ ጉድለቱ ሚቶኮንድሪያ ላይ መሆኑን እንዴት እናረጋግጥ?

ሰላም። የአይጥ ቆሽት ደሴቶችን (ኢንሱሊን የሚለቁ የሴል ስብስቦችን) ለ48 ሰዓት በ0.4 ሚሊሞላር ፓልሚቴት (የስብ አሲድ ነው) እናቆያለን፤ በውፍረት ጊዜ ኢንሱሊን በሚያመርቱት ቤታ ሴሎች ላይ የሚደርሰውን የስብ ጫና ለማየት ነው። ፓልሚቴቱ የታሰረው ከ0.5 በመቶ ስብ አልባ አልቡሚን (የስብ አሲድ ተሸካሚ ፕሮቲን) ጋር ነው (ሬሾው 5 ለ1 ገደማ)፤ ማወዳደሪያውም ያንኑ አልቡሚን ያገኛል። ከዚያ 1 ሰዓት በ2.8 ሚሊሞላር ግሉኮስ፣ ቀጥሎ 1 ሰዓት በ16.7። ኢንሱሊኑን የምናሰላው በዲኤንኤ መጠን ነው።

ማወዳደሪያው በ16.7 ላይ የኢንሱሊን ልቀቱን በደንብ ይጨምራል። ፓልሚቴት ያገኙት ግን በ2.8 ላይ ከልክ በላይ ይለቃሉ፣ በ16.7 ደግሞ እምብዛም አይጨምሩም። ሴሉን ያለ ግሉኮስ በቀጥታ የሚያነቃው 30 ሚሊሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ሲጨመር በሚገባ ይለቃሉ፤ ስለዚህ የካልሲየም መግቢያውና የኢንሱሊን ከረጢቶቹ ደህና ናቸው። 200 ማይክሮሞላር ቶልቡታማይድም (የስኳር በሽታ መድኃኒት) ይሠራል፤ ኤቲፒ (የሴሉ የኃይል ሞለኪውል) ሲጨምር የሚዘጋው የኤቲፒ-ፖታሲየም ቻናል ይዘጋል ማለት ነው። ግሉኮኪኔዝን (ግሉኮስን መጠቀም የሚያስጀምረውን ኢንዛይም) አልፎ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ የሚቃጠለው 10 ሚሊሞላር ኬቶአይሶካፕሮኤት ግን ደካማ ምላሽ ነው የሰጠው። ጥርጣሬያችን ወደ ሚቶኮንድሪያ ያዘነበለው በዚህ ነው።

የተቸገርንበት፦ የኤቲፒ ማነሱ ከፕሮቶን መፍሰስ (ፕሮቶኖች ኤቲፒ ሳያሠሩ የሚቶኮንድሪያን ሽፋን ማለፋቸው) ይሁን ከነዳጅ ማቃጠሉ መዳከም መለየት አልቻልንም። የኤቲፒ ሠሪውን ኢንዛይም የሚያግደውን ኦሊጎማይሲን ጨምረን የኦክስጅን ፍጆታ ስንለካ መስመሩ ቀስ እያለ ስለሚወርድ የት ላይ እንደምናነብ አናውቅም፤ መድኃኒቱ ወደ ደሴቱ እምብርት ቶሎ አይዘልቅም። በሙሉ ደሴት የሠራችሁ ምን ያህል መጠን፣ ስንት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ? ወይስ ደሴቱን በትኖ መለካት ይሻላል?

ሁለተኛ፦ ከእጥበት የተረፈ ፓልሚቴት በጂፒአር40 (የስብ አሲድ ተቀባይ) በኩል በ2.8 ላይ ያለውን መነሻ ልቀት ከፍ እያደረገው ይሆን? ስንት ጊዜ ታጥባላችሁ?