አገዳው አልበሰብስ አለ፣ ማሳው ላይ አቀንጭራ አለ፤ ያለ ዩሪያ ምን ይደረግ? (ድሬዳዋ ገጠር)

የጋራ ማሳ
ሰላም ለሁላችሁ። በቢዮ አዋሌ በኩል 22 አባወራዎች ግማሽ ሄክታር ላይ ማሽላ በጋራ እያለሙ ነው። ለኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ የተከተተው የማሽላ አገዳ ከሦስት ወር በኋላም አልበሰበሰም፤ መሃሉ ነጭ ዱቄት መስሏል፣ ምስጥም ገብቶበታል። አቀንጭራውም (የማሽላውን ሥር እየጠባ የሚኖረው አረም) በዝቷል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ጎተራ ባዶ የሚሆንበትን ጊዜ የሚያሻግር ምን ይዘራ? የከተማውን የጫት ገረባ (ተረፈ ጫት) ኮምፖስት ውስጥ ብንጨምረውስ?

አፈር ወዳጅ
ነጩ ዱቄት የድርቀት ምልክት ነው። ክምሩ ይሞቃል፣ ውሃው ይተናል፣ ከዚያ መበስበሱ ይቆማል። ምስጡም የመጣው ደረቅ አገዳ ስላገኘ ነው። በዚያ ላይ አገዳ ናይትሮጅኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ እርጥብ ቅጠልና ፍግ ካልገባበት ከርሞም አገዳ ነው።

ጉድጓዱ ጥላ ስር፣ ወርዱ 1.5፣ ርዝመቱ 3፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ይሁን። አገዳውን ከስንዝር አሳጥራችሁ ቁረጡት። ከሥር አየር እንዲያስገባ ወፍራም ጭራሮ አንጥፉ፤ ከዚያ 20 ሳ.ሜ. ደረቅ፣ 10 ሳ.ሜ. እርጥብ ቅጠል፣ 5 ሳ.ሜ. ፍግ፣ በላዩ ሳሳ ያለ አፈር። እያንዳንዱን ንብርብር ውሃ እያጠጣችሁ እስኪሞላ ድገሙ። የፍየል በጠጥ ጠንካራ ስለሆነ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ይደር።

መሃሉ ላይ ረጅም ዱላ ሰክታችሁ በየሳምንቱ ንቀሉና ዳስሱት። ሙቅና እርጥብ ከሆነ ደህና ነው። ሙቅና ደረቅ ከሆነ ውሃ ጨምሩ። ቀዝቅዞ የሚሸት ከሆነ ውሃ በዝቶ አየር አጥቷልና ገልብጡት። በየሦስት ሳምንቱ መገልበጡ ግን ለማንኛውም አይቀርም። ጊዜው መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ነው፤ አረሙ እርጥብ ነው፣ ለበልግም ይደርሳል።

ፈረምሲሳ (ፓርቲኒየም) የሚባለው አረም ጥሩ እርጥብ ግብዓት ነው፤ ታዲያ ሳያብብ ይታጨድ፣ ቆዳ ስለሚያሳክክ እጅ ይሸፈን።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ይህ ጉድጓድ ሲበስል በግማሽ ይሟሽሻል፤ ከ10 ኩንታል ብዙም አይርቅ። በሄክታር 50 ኩንታል ብታስቡ ለግማሽ ሄክታር 25 ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሦስት ጉድጓድ። በማሳው ላይ አትበትኑት፤ በዘሩ መስመር ብቻ አፍስሱት። ቁፋሮው በጉዛ (በደቦ) ያልቃል፤ ጭቅጭቅ የሚመጣው በፍጉ ነው። ማን ስንት ቅርጫት እንዳመጣ ከመጀመሪያው ይመዝገብ።

ማሽላ ሐረርጌ
አቦ፣ ፍጉን ተጠንቀቁት! የአቀንጭራ ዘር በከብት ሆድ አልፎ ሳይሞት ይወጣል። አቀንጭራ የነካውን አገዳ የበላ ከብት ፍግ በጥሬው ከገባ ዘሩን እናንተው ዘራችሁት ማለት ነው። ክምሩ በደንብ ካልሞቀና ዳር ያለው ወደ መሃል ካልተገለበጠ አይሞትም።

አቀንጭራ አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ከመሬት ሳይወጣ ነው፤ ብቅ ካለ በኋላ መንቀል የዘንድሮን ማሽላ አያድንም። ግን አንዱ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል፤ ስለዚህ ሳያብብ ንቀሉ፣ ያበበውን አቃጥሉ። ጎቢዬና አብሽር የሚባሉት ዝርያዎች ይቋቋሙታል። አገዳቸው አጭር ስለሆነ ለመኖና ለማገዶ አይበቃም፤ ገበሬው የሚጠላቸውም ለዚህ ነው። ክፉኛ በተጠቃው ጥግ ብቻ ዝሯቸው።

ገረባውን በተመለከተ፣ የተረጨበትን መድኃኒት ካላወቃችሁ ይቅርባችሁ። ማላታይን በሙቀት ይፈርሳል፤ ዲዲቲ ግን አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ሳይረጭ የሚሸጥ የምታውቁት ሰው ካለ ብቻ ውሰዱ።

ቦሎቄ
ረጅሙ ማሽላ ከሚያዝያ ተዘርቶ ኅዳር ነው የሚደርሰው፤ ክረምቱን አያሻግራችሁም። በማሽላው መስመሮች መካከል (75 ሳ.ሜ. ልዩነት) አንድ መስመር ቦሎቄ ጨምሩ፤ በ90 ቀን ገደማ ይበላል፣ አፈሩንም ይሸፍናል። ቦሎቄው ከማሽላው 2 ወይም 3 ሳምንት ዘግይቶ ይዘራ፤ አብረው ከወጡ ቡቃያውን ይሻማዋል። ስኳር ድንች ሰኔ ላይ ብትተክሉ የሚደርሰው ጥቅምት ገደማ ስለሆነ ለሐምሌ መልስ አይሆንም፤ ለቀጣዩ ችግር ግን ጥሩ ነው። በመስመሮቹ መካከል ያሉትን ቦዮች በየ2–3 ሜትሩ በአፈር ድፈኑ፤ ዝናቡ ሲዘንብ ውሃው ባለበት ይሰርጋል። ቁልቁለት ላይ ግን መጀመሪያ እርከን ይሠራ፤ አለዚያ የተደፈነው ይበጠስና ጎርፉን ያባብሰዋል።

የጋራ ማሳ
አመሰግናለሁ። አገዳ ቆርቋሪው ትልስ? ከተማው ውስጥ የኒም ዛፍ ሞልቷል።

አፈር ወዳጅ
ቅጠሉ ደካማ ነው፤ ፍሬውን ያዙ። የወደቀውን ፍሬ ልጣጩን ገፍፋችሁ እጠቡና ጥላ ውስጥ አድርቁ፤ ከሻገተ ጣሉት። ከተወቀጠው ፍሬ 50 ግራም በአንድ ሊትር ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ፣ አጥልሉ፣ ትንሽ ሳሙና ጨምሩ፣ አመሻሽ ላይ ርጩ፤ ፀሐይ ኃይሉን ያጠፋዋል። ለቆርቋሪ ከመርጨት ይልቅ የደረቀውን ዱቄት ከእኩል ደረቅ አፈር ቀላቅላችሁ በቡቃያው እምብርት ውስጥ በቁንጥር ጨምሩ። ትሉ አገዳው ውስጥ ከገባ በኋላ አይሠራም፤ የማሽላው ቅጠል ላይ ትንንሽ ቀዳዳ እንዳያችሁ ወዲያው ጨምሩት።